ኪሎምቦ አልጠፋም፦ በሰፊው ለተጋራው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ብራዚል ኪሎምቦዎች ነው፤ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በጫካ፣ በተራራና በወንዝ ዳር ስለመሠረቷቸው መንደሮች ማለት ነው። ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው፤ ብዙ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ዋናው ሐሳቡ ግን ትክክል አይደለም። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ስለ ብራዚል በአማርኛ የምናነበው ነገር ኳሱን ከተውነው በጣም ጥቂት ነው። እዚያች ጥቂት ቦታ ላይ ስህተት ከገባ ደግሞ ለዓመታት እየተቀባበልነው እንኖራለን።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ትልቁ ኪሎምቦ ፓልማሬስ የወንበዴዎች መሸሸጊያ ነበር፣ ራሱም ባሪያ ይይዝ ነበር፣ መሪው ዙምቢም በ1970ዎቹ አክቲቪስቶች የፈጠሩት ጀግና ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ኪሎምቦዎች ከዓለም ተቆርጠው የተደበቁ ጥቂት ሰፈሮች ስለነበሩ ሲደመሰሱ ምንም ሳያወርሱ ጠፍተዋል። ሦስተኛ፣ ሳምባ የሚባለው ሙዚቃና ጭፈራም፣ ካፖኤራ የሚባለው የፍልሚያ ጨዋታም፣ ካንዶምብሌ የሚባለው እምነትም የተወለዱት በእርሻዎችና በወደብ ከተሞች ስለሆነ ኪሎምቦ በአፍሮ ብራዚላውያን ባህል ውስጥ ድርሻ የለውም። አራተኛ፣ የኪሎምቦ ሰዎች ካቶሊክና ፖርቹጋልኛ ተናጋሪ ናቸው፤ እንደ ጃማይካና እንደ ሱሪናም አምላጮች ውልም የራሳቸው ቋንቋም የላቸውም፤ ስለዚህ ከአፍሪካ የጠበቁት ነገር የለም። አምስተኛ፣ ዛሬ «ኪሎምቦላ ነን»፣ የኪሎምቦ ሰዎች ነን፣ የሚሉት የ1988ቱ ሕገ መንግሥት መሬት ስለሚሰጥ ብቻ ብቅ ያሉ «ብልጣ ብልጦች» ናቸው። አምስቱንም በየተራ አያቸዋለሁ። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፓልማሬስ ልጀምር። ቦታው ሴራ ዳ ባሪጋ የሚባል ተራራና አካባቢው ነው፤ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አላጎአስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ፓልማሬስ አንድ መንደር አልነበረም፤ የብዙ መንደሮች ስብስብ ነበር፣ ዋናው ከተማም ማካኮ ይባል ነበር። ወደ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ፖርቹጋሎችን ተቋቁሟል፤ መሃል ላይ ፔርናምቡኮ የሚባለውን ግዛት ይዘው የነበሩትን ሆላንዶችንም እንዲሁ። በ1645 ሆላንዶች የላኩት ጦር የጉዞ ማስታወሻ ትቷል። ወታደሮቹ ካዩዋቸው መንደሮች አንዱን ሲገልጹ 220 ቤት፣ በመሃሉ ቤተ ክርስቲያን፣ አራት የአንጥረኛ ቤት፣ አንድ ትልቅ የሸንጎ ቤት ይላሉ። ይህን የጻፉት ወዳጆች አይደሉም፤ መንደሩን ሊያጠፉ የመጡ ሰዎች ናቸው። ነዋሪዎቹ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ካሳቫና ሸንኮራ ያመርቱ ነበር፤ ከጎረቤት ፖርቹጋሎች ጋርም ይገበያዩ ነበር። ወንበዴ ሸንጎ ቤት አይሠራም።

ደግሞስ ቅኝ ገዥው ራሱ ከወንበዴ ጋር ውል ይገባል? በ1678 የፔርናምቡኮ ገዥ ከፓልማሬስ መሪ ከጋንጋ ዙምባ ጋር የሰላም ስምምነት አድርጓል። የጋንጋ ዙምባ ልጆች ያሉበት ልዑክ ሬሲፌ ከተማ ድረስ ወርዶ አቀባበል ተደርጎለታል። ስምምነቱ ፓልማሬስ ውስጥ የተወለዱትን ነፃ ያደርጋል፤ ሸሽተው የገቡት ግን ለጌቶቻቸው ይመለሱ ይላል። ዙምቢ አልቀበልም ያለው ይህን ነው። በኔ ግምት የፓልማሬስ ታሪክ ሁሉ እዚህች ነጥብ ላይ ይመዘናል፦ አንዱ ላሉት ሰላም ለማግኘት ትናንት የመጡትን አሳልፎ ለመስጠት ተስማማ፣ ሌላው እምቢ አለ።

ስለ ባሪያ መያዝ የተባለው ላይ ጸሐፊው ከሜዳ ተነስተው አልተናገሩም። የዘመኑ የፖርቹጋል ጽሑፎች በራሱ ፈቃድ የመጣ ሰው ነፃ እንደሚሆን፣ በወረራ ተይዞ የመጣ ግን ምርኮኛ ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራሉ። ምንጮቹ የጠላት ናቸው፤ ሆኖም ነገሩ የለም ብሎ መካድ አይቻልም፤ ፓልማሬስን ገነት አድርገው የሚስሉትም ሰዎች ይህን ሊሰሙት ይገባል። ግን ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም ያው ነው» ማለት ሚዛን የሳተ ፍርድ ነው። በአንድ በኩል ምርኮኛ የሚይዝ የተራራ መንደር አለ። በሌላው በኩል ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ አፍሪካውያንን በመርከብ ያጓጓዘ፣ ልጅ ከእናቱ ማህፀን ሳይወጣ ባለቤት የሚጽፍለት ሥርዓት አለ። ሰው ከዚያኛው እየሸሸ ወደዚህኛው ይሄድ ነበር። ጉዞው በየት አቅጣጫ እንደነበር ማየቱ ይበቃል።

«ዙምቢ ፈጠራ ነው» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። ማካኮ በየካቲት 1694 በዶሚንጎስ ዦርጅ ቬልዮ የሚመራ ጦር ተወስዷል። ዙምቢ በኅዳር 20 ቀን 1695 ተገድሏል። በ1696 የፔርናምቡኮ ገዥ ለፖርቹጋል ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ የዙምቢ ጭንቅላት ሬሲፌ አደባባይ ላይ በእንጨት ተሰክቶ እንደቆመ፣ ይህም የተደረገው የማይሞት ነው ብለው የሚያምኑትን ጥቁሮች ለማስደንገጥ እንደሆነ ይገልጻል። ሰውየው ከ1970ዎቹ በፊት ወደ 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ ለንጉሥ ሪፖርት የተደረገበት ሰው ነው።

በ1971 የተደረገው ሌላ ነገር ነው። ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ውስጥ ገጣሚው ኦሊቬይራ ሲልቬይራ ያለበት «ግሩፖ ፓልማሬስ» የሚባል ቡድን ኅዳር 20 የጥቁሮች መታሰቢያ ቀን ይሁን አለ። እስከዚያ ድረስ የሚከበረው ግንቦት 13 ነበር፤ ልዕልት ኢዛቤል በ1888 ባርነትን የሚሽረውን ሕግ የፈረመችበት ቀን። ቡድኑ ያለው ቀላል ነው፦ ነፃነታችንን የምናስበው በፈረመልን ሰው ቀን ብቻ ሳይሆን በታገለ ሰው ቀን ይሁን። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ኅዳር 20 በሕግ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ጸሐፊው እዚህ ላይ መያዝ የሚችሉት ነጥብ ነበር፣ አልያዙትም እንጂ። ዙምቢ በልጅነቱ ካህን አሳድጎት ላቲን ተምሮ ነበር የሚለው ታዋቂ ታሪክ ሌላ ሰው ባላያቸው ደብዳቤዎች ላይ የቆመ ነው። ሚስቱ ናት ስለምትባለው ዳንዳራም የዘመኑ ሰነድ አልተገኘም። እነዚህን ጠይቁ፣ ደህና ጥያቄ ነው። ዙምቢን ግን ከታሪክ ማውጣት አይቻልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። «ጥቂት፣ የተደበቁ፣ የጠፉ» ይላሉ። በ1740 ሊዝበን ያለው የባሕር ማዶ ምክር ቤት ኪሎምቦ ምን እንደሆነ በደንብ ወስኖ ነበር። ሰው በማይኖርበት ቦታ የተሰበሰቡ ከ5 በላይ የሸሹ ጥቁሮች ካሉ ኪሎምቦ ነው፣ ጎጆ ባይሠሩም፣ ሙቀጫ ባይገኝባቸውም ይላል። ሙቀጫዋን አስተውሉ። ሙቀጫ ካለ እህል አለ፤ እህል ካለ ሰዎቹ ሊቆዩ ነው። መንግሥት ግን ሙቀጫ እስኪቀመጥ እንኳ መጠበቅ አልፈለገም። ለጥቂት ሽፍቶች ተብሎ ባሕር ማዶ ያለ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ደንብ አያወጣም።

የት የት እንደነበሩ ጥቂቱን ልጥራ። ማቶ ግሮሶ ውስጥ ኳሪቴሬ ነበር፤ ቴሬዛ ዴ ቤንጌላ የምትባል ሴት ትመራው የነበረ፣ አማካሪ ሸንጎ ያለው፣ ጥጥ ዘርቶ ሸማ የሚሸምን፣ ብረት የሚቀጠቅጥ መንደር፤ በ1770 ተመታ። ሚናስ ጄራይስ ውስጥ የወርቅ ማዕድን አካባቢውን ያስጨነቁ የካምፖ ግራንዴ ኪሎምቦዎች ነበሩ። የባሂያ ዋና ከተማ ሳልቫዶር አፍንጫ ሥር ቡራኮ ዶ ታቱ የሚባል ነበር፣ በ1763 ፈረሰ። አማዞን ውስጥ በትሮምቤታስ ወንዝ ላይ ሰዎቹ የወታደር ጀልባ ከማያልፍባቸው ፏፏቴዎች በላይ ሰፈሩ፤ ያመረቱትን ግን ወደ ኦቢዶስ ከተማ እያወረዱ ይሸጡ ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ናቸው፤ በ1995 በብራዚል ለኪሎምቦ ማኅበረሰብ የተሰጠው የመጀመሪያው የመሬት ባለቤትነት ማረጋገጫ የደረሰው እዚያ ቦዋ ቪስታ ለምትባል መንደር ነው። ጠፉ የተባሉት እነዚህ ናቸው።

«ተቆርጠው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ስህተት ነው፤ የጽሑፉ ሌሎች ነጥቦች በሙሉ እሱ ላይ ስለተደገፉ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ወጣ ብሎ ኢጉዋሱ የሚባል ረግረጋማ አካባቢ አለ። በ1800ዎቹ እዚያ የነበሩ ኪሎምቦዎች ማገዶ እየቆረጡ ይሸጡ ነበር። ማገዶው በጀልባ ቀዛፊዎችና በባለ መሸታ ቤቶች በኩል ሪዮ ይገባል። ከተማው የማንንም ማገዶ ነው የሚያነደው፤ ማን እንደቆረጠው አይጠይቅም። በባርነት ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ ወሬ ያቀብላሉ፦ ወታደር ሊወጣ ነው፣ በዚህ በኩል አትምጡ፣ ጨው እዚህ አለ። ታሪክ አጥኚው ፍላቪዮ ጎሜስ ይህን መረብ በዝርዝር አጥንቶታል። ባለሥልጣናቱ ኢጉዋሱን ለማጥፋት ዓመታት ደክመዋል። ያልተሳካላቸው ቦታው ስለተደበቀ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሙ የሚነካ ሰው ብዙ ስለነበረ ነው። ማገዶ ገዢው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ባለሱቁ።

እንዲያውም አንዳንዱ ኪሎምቦ ከተማ ውስጥ ነበር። በ1880ዎቹ ዛሬ ሀብታሞች በሚኖሩበት ሌብሎን ሰፈር የነበረው ኪሎምቦ ካሜሊያ የሚባል አበባ ያመርት ነበር። አበባዋ የፀረ ባርነት ሰዎች ምልክት ሆነች፤ ደረቱ ላይ የሰካት ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይናገር ይታወቃል። ይህ ተቆርጦ የቀረ ዓለም አይደለም።

አብዛኞቹ ኪሎምቦዎች ትናንሽ ነበሩ፣ ብዙዎቹም ተቃጥለዋል። እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን አንድ መንደር ሲቃጠል ሰዎቹ ሁሉ አይሞቱም። ይበተናሉ፣ ሌላ ቦታ ይሰፍራሉ፣ ተይዘው እርሻ ይመለሳሉ። እርሻ የተመለሰው ሰው ያየውን ይዞ ነው የሚመለሰው።

ይህን ከያዝን ሦስተኛው ነጥብ ቀላል ይሆናል። ጸሐፊው ስለ ትውልድ ቦታ በአብዛኛው ልክ ናቸው፤ አፍ ሞልቼ እመሰክርላቸዋለሁ። ትልልቆቹ የካንዶምብሌ ቤቶች የተመሠረቱት ሳልቫዶር ከተማ ነው። ሳምባ እንደ ከተማ ሙዚቃ ቅርጽ የያዘው ከባሂያ ወደ ሪዮ በሄዱ ሰዎች ቤት፣ እንደ ቲያ ሲያታ ባሉ ሴቶች ግቢ ነው። ካፖኤራ በፓልማሬስ ተወለደ የሚለው ወሬ ደግሞ ማስረጃ የለውም፤ ሰነዶቹ የሚያሳዩት በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሪዮ ጎዳና ላይ በፖሊስ የሚታሰሩ ካፖኤራ ተጫዋቾችን ነው። እሺ። ከዚህ ተነስቶ ግን «ኪሎምቦ ድርሻ የለውም» ማለት አይቻልም፤ የተወለደን ነገር ማሳደግና ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነውና።

ዦንጎን እንመልከት። ዦንጎ በፓራይባ ሸለቆ የቡና እርሻዎች ውስጥ የኖረ ከበሮና ዘፈን ነው፤ እንደጸሐፊው አባባል «የእርሻ» ባህል። ከበሮዎቹ ከግንድ የተቦረቦሩ ናቸው፤ ቆዳቸው እንዲወጠር እሳት አጠገብ ያሞቋቸዋል። አንዱ ግጥም ይወረውራል፤ ግጥሙ ሰምና ወርቅ አለው፣ ላይ ላዩን ስለ በሬ ወይም ስለ ዛፍ ያወራል፣ ውስጡ ግን ስለ ጌታው ወይም ስለ ተፎካካሪ ዘፋኝ ነው። ሌላው መፍታት አለበት። አዲስ ዘፋኝ ሊገባ ሲፈልግ «ማሻዶ!» ብሎ ይጮሃል፤ መጥረቢያ ማለት ነው፣ ከበሮው ወዲያው ይቆማል። ይህ ሁሉ ዛሬ የት ነው የሚገኘው? ቡናው ከጠፋ፣ ባለርስቶቹ ከከሰሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዦንጎ ዛሬ ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል ቫሌንሳ አካባቢ እንደ ሳን ዦዜ ዳ ሴራ ያሉ የኪሎምቦ ማኅበረሰቦች አሉ፤ ቅድመ አያቶቻቸው ባሪያ ሆነው የሠሩበትን መሬት ሳይለቁ የቀሩ ሰዎች ናቸው። የብራዚል የቅርስ ተቋም ዦንጎን በ2005 በቅርስነት ሲመዘግብ ወደ እንዲህ ዓይነት ማኅበረሰቦችም ሄዷል። እርሻው ወለደው እንበል። ያሳደገው ማን ነው?

ሁለተኛ ምሳሌ ላንሳ፣ ይኸኛው ደግሞ ቀጥታ ከኪሎምቦ የወጣ ነው። ሬሲፌ አጠገብ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ካቱካ የሚባል የኪሎምቦ ጫካ ነበር። መሪዎቹ ማሉንጊንዮ ይባሉ ነበር፤ የመጨረሻው፣ ዦዋዎ ባቲስታ፣ በ1835 ተገደለ። ዛሬ ፔርናምቡኮ ውስጥ ጁሬማ የሚባል፣ ከአገሬው ቀደምት ነዋሪዎችና ከአፍሪካውያን የተዋሐደ እምነት አለ። በጁሬማ ሥርዓት ማሉንጊንዮ የሚጠራ፣ የሚዘፈንለት፣ በር የሚጠብቅ መንፈስ ነው። መንግሥት ለጭንቅላቱ ዋጋ የቆረጠበት ሰው ዛሬ በከበሮ ይጠራል። ይህ ውርስ ካልሆነ ውርስ ምን እንደሆነ ጸሐፊው ይንገሩን።

ካንዶምብሌም ቢሆን ከኪሎምቦ ጋር ያልተነካካ አይደለም። በ1826 ሳልቫዶር ዳር በኡሩቡ ኪሎምቦ ዙሪያ አመጽ ተነስቶ ነበር፤ ከተያዙት ሰዎች አንዷ ዜፌሪና የምትባል ናጎ (ማለትም ዮሩባ) ሴት ነበረች፣ ታሪኩም ከዚያው አካባቢ የካንዶምብሌ ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። ከተማው ውስጥ የሚጸልየውና ጫካ ውስጥ የሚዋጋው ሰው አንዳንዴ አንድ ሰው ነበር።

ባህል ሲባል ደግሞ ጭፈራ ብቻ አይደለም። ሳን ፓውሎ ውስጥ ሪቤይራ ሸለቆ የሚኖሩ ኪሎምቦላዎች ጫካ እየመነጠሩ፣ ዘርተው፣ መሬቱን አሳርፈው ወደ ሌላ እየዞሩ የሚያርሱበት ሥርዓት አላቸው። ኤልዶራዶ ከተማ ላይ የዘርና የችግኝ መለዋወጫ ገበያ ያደርጋሉ፤ በገንዘብ ሳይሆን ዘር በዘር። በ2018 ይህ የግብርና ሥርዓታቸው እንዳለ ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጎያስ ውስጥ ደግሞ ካሉንጋዎች አሉ፤ በተራሮች መሃል ከ260 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሰፋ ግዛት ያላቸው። በበዓላቸው ሴቶች ሱሳ ይጨፍራሉ፣ ጠርሙስ አናታቸው ላይ አቁመው ቀሚሳቸውን እያዞሩ። ጠርሙሱ አይወድቅም።

ትልልቆቹ የከተማ አርቲስቶች ራሳቸው ወደ ኪሎምቦ ዞረው አይተዋል። የሳምባው ካንዴያ በ1975 ሪዮ ውስጥ አዲስ «የሳምባ ትምህርት ቤት»፣ የካርኒቫል ቡድን ማለት ነው፣ ሲመሠርት ስሙን «ኪሎምቦ» ነው ያለው፤ ካርኒቫሉ ለቱሪስት ሆነ፣ ከጥቁሮች እጅ ወጣ ብሎ ስላዘነ። ታሪክ አጥኚዋ ቤያትሪስ ናሲሜንቶ ኪሎምቦን ከአንጎላ እስከ ሪዮ ፋቬላዎች፣ የድሆች ሰፈሮች፣ ድረስ የተከተለችው በዚያው ዘመን ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። ካቶሊክ መሆናቸው እውነት ነው፤ ከጥንትም ነበሩ። በ1670ዎቹ የተጻፈ ዘገባ ማካኮ ውስጥ ጸሎት ቤት እንደነበረ፣ የሕፃኑ ኢየሱስ፣ የእመቤታችንና የቅዱስ ብላስዮስ ምስሎች እንደነበሩበት ይናገራል። ከብዙዎቹ መምጫ አካባቢዎች አንዱ የኮንጎ መንግሥት ነው፤ ኮንጎ ደግሞ ነገሥታቱ በ1490ዎቹ የተጠመቁ፣ ክርስትናን የራሱ ያደረገ አገር ነበር። ክርስቲያን መሆን ከአፍሪካ መራቅ ነው የሚለውን ሐሳብ ሌላ ሰው ቢለው አይገርመኝም ነበር፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ይከብዳል። እኛ እንዴት እንዲህ እንላለን? ሪዮ መሃል ከተማ ውስጥ ጥቁሮች በ1740ዎቹ ማኅበር መሥርተው ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በቅዱስ ኤሌዝባዎና በቅድስት ኢፊጌኒያ ስም። ኤሌዝባዎ የሚሉት የእኛን ዐፄ ካሌብን ነው፤ ኢፊጌኒያም በእነሱ ትውፊት የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ካሌብን በምስሉ ላይ የናግራን ክርስቲያኖችን የጨረሰው ንጉሥ እግሩ ሥር ወድቆ እሱ ሲቆምበት ታዩታላችሁ። ባሪያ የተደረገ ሰው ጥቁር ንጉሥ ነጭ ንጉሥ ላይ ቆሞ የሚታይበትን ምስል መርጦ ሲሳለም የጌታውን ሃይማኖት ዝም ብሎ ተቀበለ ማለት ይከብደኛል። ሚናስ ውስጥ፣ ኮንታዤን ከተማ፣ አርቱሮስ የሚባሉት የኪሎምቦ ቤተሰቦች ዛሬም የሮዛሪዮ እመቤትን የሚያከብሩት በኮንጎና በሞዛምቢክ ስም በተሰየሙ የከበሮ ቡድኖች፣ ንጉሥና ንግሥት ሰይመው ነው።

ስለ ውል የተባለው የቀን ስህተት አለው። የጃማይካው ውል 1739፣ የሱሪናሞቹ 1760 እና 1762 ናቸው። የፓልማሬሱ 1678 ነው፣ ሁሉንም ይቀድማል። አለመዝለቁ እውነት ነው። ቋንቋን በተመለከተ ጸሐፊው በጥቅሉ ልክ ናቸው፤ እንደ ሱሪናም ሳራማካዎች የራሱ ሙሉ ቋንቋ ያለው ኪሎምቦ ብራዚል ውስጥ የለም። ሳን ፓውሎ ውስጥ ካፉንዶ የምትባል ትንሽ ማኅበረሰብ ግን ወደ 160 የሚሆኑ ከባንቱ ቋንቋዎች የመጡ ቃላትን በፖርቹጋልኛ ሰዋስው ውስጥ እየሰካች ባዕድ እንዳይሰማ ትነጋገርባቸው ነበር።

አሁን ወደ አምስተኛው። ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ እሱ ነው።

የ1988ቱ ሕገ መንግሥት በሽግግር ድንጋጌዎቹ አንቀጽ 68 መሬታቸውን ይዘው ላሉ የኪሎምቦ ማኅበረሰቦች ባለቤትነታቸውን ያውቃል፤ መንግሥትም ማረጋገጫ ይስጣቸው ይላል። ባርነት ከተሻረ በ100ኛ ዓመቱ ማለት ነው። ለምን መቶ ዓመት ጠበቀ? በ1850፣ የባሪያ ንግዱ በታገደበት በዚያው ወር፣ ብራዚል የመሬት ሕግ አወጣች፤ የመንግሥት መሬት የሚገኘው በግዢ ብቻ ነው የሚል። በ1888 ነፃ የወጣው ሰው በኪሱ ገንዘብ፣ በእጁ ወረቀት አልነበረውም። የያዘውን መሬት ግን ያርስ ነበር። ማራንያዎ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሕገ መንግሥቱ ሳይታሰብ በፊት «የጥቁሮች መሬት» ይባሉ ነበር። ሰዎቹ ነበሩ፣ ከበሮው ነበር፣ መቃብሩ ነበር። በ1988 አዲስ የሆነው ሕጉ ያወቃቸው መሆኑ ነው። «ኪሎምቦላ» የሚለው መጠሪያ ለብዙዎቹ ከሕጉ ጋር እንደመጣ እቀበላለሁ፤ ሰዎቹ ግን ከሕጉ ጋር አልመጡም።

ጸሐፊው «ነኝ ያለ ሁሉ መሬት ይወስዳል» ብለዋል። አሠራሩን ልንገራችሁ። የ2003ቱ ድንጋጌ ማኅበረሰቡ ራሱን እንዲገልጽ ይፈቅዳል፤ እዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ከዚያ የፓልማሬስ ፋውንዴሽን የሚባለው የመንግሥት የጥቁሮች ባህል ተቋም ምስክር ወረቀት ይመጣል። ከዚያ ኢንክራ የሚባለው የመሬት መሥሪያ ቤት የታሪክና የአንትሮፖሎጂ ጥናት አድርጎ፣ ወሰን ለክቶ ሪፖርት ያወጣል። ተቃዋሚ ካለ መቃወሚያ ጊዜ አለው። በግዛቱ ውስጥ ሕጋዊ ባለርስት ካለ ካሳ ይከፈለዋል፣ ለዚህም የፕሬዚዳንት ውሳኔ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ማረጋገጫው የሚሰጠው ለማኅበሩ በጋራ ነው፤ አይሸጥም፣ አይከፋፈልም፣ በባንክ አይያዝም። ሀብት ለማካበት የፈለገ ሰው የማይሸጥ መሬት ፍለጋ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይሰለፋል? አንድ የፖለቲካ ፓርቲ ድንጋጌውን ተቃውሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2018 ድንጋጌውን አጽንቶታል።

ቁጥሩን እንይ። በ2022 ብራዚል ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሎምቦላዎችን በሕዝብ ቆጠራ ቆጠረች፤ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ፣ ግማሽ ያህሉ ባሂያና ማራንያዎ ውስጥ። ከእነዚህ መካከል ወሰኑ በይፋ በታወቀ ግዛት የሚኖሩት ከመቶ 13 ያህል ናቸው። ማረጋገጫው ተጠናቆ በተሰጠ ግዛት የሚኖሩት ከመቶ 5 አይሞሉም። የተወሰደው መሬት የቱ ነው ታዲያ?

እንዲያውም የሚወሰድባቸው እነሱ ናቸው። አልካንታራ፣ ማራንያዎ ውስጥ፣ በ1980ዎቹ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ ሲሠራ 312 የኪሎምቦላ ቤተሰቦች ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ውስጥ ሰፈሩ። ዓሣ አስጋሪ የነበረ ሰው ከባሕር ሲርቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። በ2023 የብራዚል መንግሥት ራሱ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2025 ይፋ በሆነ ፍርድም የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አገሪቱን ጥፋተኛ ብሏል።

ባሂያ ውስጥ ፒታንጋ ዶስ ፓልማሬስ የምትባል ማኅበረሰብ አለች። መሪዋ ማይ ቤርናዴቺ የካንዶምብሌ መንፈሳዊ እናት፣ የአገር አቀፉ የኪሎምቦላዎች ማኅበር አስተባባሪም ነበሩ። ልጃቸው ቢንዮ በ2017 ተገደለ። ፍትሕ ሲጠይቁ ቆይተው በነሐሴ 2023 እሳቸውም በ72 ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። እምነቱ፣ መሬቱ፣ የኪሎምቦ ስሙ፣ ጸሐፊው ለያይተው ያስቀመጧቸው ነገሮች ሁሉ እኚህ ሴት ላይ አንድ ላይ ነበሩ።

ጸሐፊው ስለ ካፖኤራ ትውልድና ስለ ቋንቋው ያሉትን ይዘው ይቆዩ፤ እዚያ ላይ ብዙም አንለያይም። «ብልጣ ብልጦች» የምትለዋን ቃል ግን ከጽሑፋቸው ያውጧት። ጽሑፉ አሁንም እየተጋራ ስለሆነ ማረም ይቻላል። የሚመልሱልኝ ካለም፣ በተለይ ስለ አምስተኛው ነጥብ፣ ሙሉውን አነባለሁ።